የሸህ አሕመድኑር ሦስት ደቂቃ

ከማሉዲን መካነ ሰላም መናኸሪያ የደረሰ ዕለት ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ለዩት። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ ፎጣውን እስከ አገጩ ጠምጥሟል፤ ምን ዋጋ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በየሰው ሳሎን ቴሌቪዥን ውስጥ ተጎልቶ የኖረ ፊት በፎጣ አይሸሸግም። አንዱ ባለባጃጅ ሁለት ጣቱን ቀስሮ «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አለው። ሌሎቹ ሳቁ። ቆሎ ሻጯ ሳትቀር ሁለት ጣቷን ቀሰረች።

ቃሏ የራሱ ናት። ከማሉዲን በድምፃውያን ውድድር ላይ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ተወዳዳሪው ካልጣመው ሁለት ጣቱን አንስቶ «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» ይላል፤ ልጁ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። አገር ምድሩ ቃሏን ወሰዳት። ሰርግ ላይ የሚመርቁ ሽማግሌ ሲያስረዝሙ፣ ሚስት የባሏን ምክንያት መስማት ሲሰለቻት፣ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ አልጨርስ ሲል፣ ሁለት ጣት ይነሳል። ከማሉዲን መጀመሪያ መጀመሪያ ይኮራባት ነበር። አሁን አሁን ስትባል ትከሻው ይወርዳል። ለባለባጃጁ ከአንገት በላይ ፈገግ አለለትና ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እህቱ ቤት አቀና።

ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ስኳር አለበት፣ ጉልበቱም ዳገት አልወድም ካለ ሰንብቷል፤ ከሁሉ የባሰው ግን ሰው መስማት ደክሞታል። ባለፈው ጥር ለጣቢያው ደብዳቤ ጽፎ ዳኝነቱን ለቀቀ። የሚያውቁት ሁሉ «ምን ነካህ?» አሉት። ለዘንድሮ ሐጅ ተመዝግቦ ስሙ ወጥቶለታል፤ በረራው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አገሩ የመጣው አውፍ ለማስባል ነበር።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን ሁሉ፣ መበደሉን የማያውቀውንም ጭምር፣ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ነው። ልማዱ ደግሞ ርኅሩኅ ነው፣ ማንም «በምን?» ብሎ አይጠይቅም። ገና አፍህን ስትከፍት «አውፍ ብለናል፣ አንተም አውፍ በለን፣ እዚያ ስትደርስ በዱዓህ አትርሳን» ይሉሃል፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ከማሉዲን ይህችን ርኅራኄ ተማምኖ መጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ ምናምን በር አንኳኳ። በልጅነቱ የደበደበውን አብሮ አደጉን፣ አገባሻለሁ ብሎ የተዋትን ሴት፣ የአባቱን ጎረቤቶች፣ ሁሉንም ዞረ። ሁሉም እቅፍ አድርገው ሸኙት፣ ግማሾቹ አብረውት ፎቶ ተነሱ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ እህቱ ረምዚያ፣ «ሀጀራ ጋ ሄድህ?» አለችው።

«የቷ ሀጀራ?»

«የሸህ አሕመድኑር ልጅ ናታ። ከጅዳ ከተመለሰች ሁለት ዓመት አለፋት።»

ከማሉዲን የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። የቷ ሀጀራ እንደሆነች ከመጀመሪያው አውቋል። ሠላሳውን በር ያንኳኳው ያችን አንዷን በር ላለማንኳኳት እንደሆነም አውቋል፤ ለራሱ አልነገረውም እንጂ።

ነገሩ ሃያ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። በ1990 ዓ.ም. ከማሉዲን ከመናኸሪያው ጀርባ «ረምዚያ ሙዚቃ ቤት» የምትባል፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችው። ካሴት ይሸጣል፣ ካሴት ይገለብጣል። ሀብቱ አንድ ባለሁለት ካሴት ቴፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና ጆሮው ነበር። ጆሮውን አላህ ሲሰጠው ድምፁን ነስቶታል፤ እሱ ሲያንጎራጉር እናቱ እንኳ «ልጄ፣ ተው» ትለው ነበር። ሌላ ሰው ሲያዜም ግን የመጀመሪያዋን ስንኝ ሰምቶ ይህ ይሸጣል፣ ይህ አይሸጥም ይላል። ተሳስቶም አያውቅ።

ሸህ አሕመድኑር ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ መንዙማ የሚገጥሙ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ከማሉዲን በአንድ ሐድራ፣ ሰው ተሰብስቦ መንዙማና ዱዓ በሚልበት ሌሊት፣ ሰማና እንቅልፍ አጣ። ስድስት ወር ለመናቸው። «ሸሁ፣ ድምፅዎ ከዚህ ሸለቆ ይውጣ» ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። በመጨረሻ እሺ ብለው አምስት ተቀባዮቻቸውን አስከትለው፣ ትንሿን ልጃቸውን ሀጀራን ይዘው ሱቁ መጡ። ሴት ልጅ ከወንዶቹ መሃል አትቀመጥም ተብሎ ከመጋረጃው ወዲያ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

የገበያ ቀን ነበር፤ ይህ የከማሉዲን ስህተት ነው፣ ሌላ ቀን ቢቀጥራቸው ምን ነበረበት። በሩን ቆልፎ መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀለ። ያም ሆኖ የግጥሙ አምስተኛ ቤት ላይ ሲደርሱ ደጅ የታሰረች አንዲት አህያ ሳምባዋን ገልብጣ ጮኸች። ሸሁ ዝም ብለው ጠበቋት። ጨርሳ ስትተነፍስ እሳቸው ካቆሙበት ቀጠሉ። ተቀባዮቹ ሳቃቸውን አፍነው አጨበጨቡ።

የመንዙማ ባለቤት መጨረሻው ላይ ስሙን ጠርቶ ከሰሚው ዱዓ ይለምናል። ሰሚውም ስሙን ሲሰማ «አሚን» ይላል። ለዚያ ሁሉ ድካም ሌላ ክፍያ የለም፤ ያች አሚን ናት። ሸሁም ስማቸውን የሚጠሩባት አራት ስንኝ ነበረቻቸው። አራት ስንኝ ብቻ ናት፣ ግን ተቀባዩ እያንዳንዷን እየመለሰ ሲላት ሦስት ደቂቃ ትፈጃለች። የካሴት አንድ ጎን ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል። መንዙማው ከነመጨረሻው ሠላሳ ደቂቃውን ጢም አድርጎ ሞላው። ከማሉዲን ዕድሉ እንዲህ ሲገጥምለት «ሱብሐነላህ» አለ፣ አራቱንም ስንኝ አጥርቶ ቀዳ።

ሸሁ ከሄዱ በኋላ ነው ሰይጣን የመጣው። ሰይጣን ልበል እንጂ ሌላ ምን ልበል፣ ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ካሴቱ አዲስ አበባ ድረስ ሊሄድ ነው፣ የሱቁ ስም ግን የትም አልተጠራም። እንዲያው ትንሽ ቢናገርስ? ቦታ የለም። ካሴቱን ገለበጠና የግልባጩን የመጨረሻ ሦስት ደቂቃ አጥፍቶ በራሱ ድምፅ እንዲህ ሲል ቀዳ፦ «ይህን ካሴት ያቀረበላችሁ ረምዚያ ሙዚቃ ቤት፣ ከማሉዲን ነው፤ በዱዓችሁ አትርሱት።» አባባሏን እንኳ ከሸሁ ስንኝ ነው የወሰዳት። በተረፈችው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ የሱቁን አድራሻ ሁለት ጊዜ ደጋገመ።

ሸሁ ሱቁ ድረስ መጥተው እስከ መጨረሻው አደመጡት። የከማሉዲን ድምፅ ሲያልቅ፣ «ካሴቱ አልበቃ አለ?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ ሸሁ፣ ካሴቱ አለቀ» አላቸው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ካለቀ ምን ይደረጋል» አሉና ወጡ። ሁለተኛ ለመቅዳት አልመጡም። የሸሁ ስም ያለበትን ዋናውን ካሴት ከማሉዲን ከወር በኋላ የሰርግ ጭፈራ ቀዳበት፤ ያኔ ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ያች ካሴት ነች ሰው ያደረገችው። ከደጎሎ እስከ ደሴ በየሚኒባሱ ተከፈተች። ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች በልብሳቸው መሃል ሸጉጠው ጅዳና ሪያድ አደረሷት። በየደረሰችበት መጨረሻው ላይ «ከማሉዲን ነው፤ በዱዓችሁ አትርሱት» ሲል ሰው ሁሉ «አሚን» ይላል። ብዙው ሰው ግጥሙም የከማሉዲን ይመስለዋል። እሱ መርካቶ ወረደ፣ ካሴት አከፋፋይ ሆነ፣ ከዚያ አሳታሚ ሆነ። የስንቱን ዘፋኝ ስም ከምንም አነሳው። ሰው «ይህ ልጅ ዱዓ አለበት» ይለው ነበር። ሲባል ወሬ ይቀይራል፤ ሥራም ይበዛበታል።

ከዚያ ፍላሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ካሴት ሞተ። መጋዘን ሙሉ ካሴት ቀረበት። አንድ ጊዜ በደጎሎ በኩል ሲያልፍ የገብስ ማሳ ላይ የካሴት ክር ተወጥሮ በነፋስ እየተብለጨለጨ ወፍ ሲያባርር አየና መኪናውን አስቁሞ ወረደና ብዙ ቆየ። የማን ድምፅ ይሆን ብሎ አሰበ። ተመልሶ ገባና ለሾፌሩ «ንዳው» አለው።

ቴሌቪዥኖቹ የጠሩት እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ለጆሮው ብለው። አዘጋጁ በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሽ ከማል፣ ደግ አትሁን፤ ደግ ዳኛ ማንም አያይም» አለው። ስሙንም ከማል ብለው አሳጠሩት፣ ከማሉዲን ለስክሪኑ ረዘመ ተባለ። እሱም ታዘዘ። በአንድ ቀን ሦስት መቶ ልጅ ይሰለፋል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ከጎጃም በእግሩ የመጣ አለ፣ የእናቱን ወርቅ ሸጦ የመጣ አለ። ሁለት ጣት ይነሳል፣ ይበቃል። ማታ አልጋው ላይ ሲጋደም ያልጨረሱት ዘፈን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀጥላል፤ የማንኛቸውም መጨረሻ ግን አይታወቀውም።

አምና ደሴ ላይ ነው ያበቃለት። ሩፋይዳ የምትባል፣ ከእሱው አገር ከመካነ ሰላም ቦረና የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘፈን ዘፈነች፣ ቆረጣት። ልትወጣ ስትል አብራው የምትዳኘው ሴት አዘነችላትና፣ «እስቲ ከልጅነትሽ የምታውቂው ነገር ካለ በይ» አለቻት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነችና መንዙማ ጀመረች። ከማሉዲን ሁለት ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ደርቆ ቀረ። አምስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ ትንፋሽ አላጠራትም፣ አልረሳችም፣ ዝም ብላ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀጠለች። ያች አህያ የጮኸችበት ቦታ ነው። ልጅቷ ሳትወለድ የጮኸች አህያ። እስከ ሸሁ ስንኝ ደፍ ድረስ ሄደችና አቆመች።

«መጨረሻውስ?» አላት።

«እዚህ ላይ እኮ ነው የሚያልቀው፣ ጋሼ» አለችው።

ሐጅ የተመዘገበው በዚያው ሳምንት ነው።

ሀጀራ ቤት የሄደው በአሥር ሰዓት ግድም ነበር። ጅዳ ለፍታ ያሠራቻት ሰማያዊ በር ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት። በረንዳው ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፊቷ ግን ከዚያ በላይ ሠርቷል።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ግቡ፣ አያ ከማሉዲን። ተቀመጡ» አለችው። ከማል አላለችውም፤ በአገሩ ወግ ለታላቅ እንደሚባለው እንደ ብዙ ሰው ቆጥራ ነው ያከበረችው፣ ፈገግታ ግን አልጨመረችበትም።

ተቀመጠ። የለመዳትን አላት። «ሐጅ ልሄድ ነው፣ ሀጀራ። አውፍ በይኝ።»

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያቋርጠው። ሀጀራ አላቋረጠችም። አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ጣለች።

«በምን?» አለችው።

ከማሉዲን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እንዲያው... ሰው ሆኖ የማያጠፋ የለም ብዬ ነው።»

«ያ ለሁሉም ቤት የምትሉት ነው። እኔ የኔን ነው የጠየቅኋችሁ።»

ካሴቱ አልቆ ነው የምትለዋ የሃያ ሰባት ዓመት ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ውሸቷ እንዲህ ተዘጋጅታ መቀመጧ እሱን ራሱን አስደነገጠው። ከዚያ ደከመው፤ መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ካሴቱ አላለቀም ነበር» አለ። «ሦስቱም ደቂቃ ነበረው፣ አባትሽም ብለውት ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ስማቸው ባለበት ስሜን አስገባሁ።»

«አውቃለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ነበርሁ እኮ። አባቴ ስሙን ሲጠራ ቴፑ ላይ ቀዩ መብራት ይበራ ነበር፣ በቀዳዳ አይቼዋለሁ። ለሱም ነገርሁት። ‹ዝም በይ፣ ልጁ እንዳያፍር› አለኝ።»

ከማሉዲን አንገቱን ደፋ። ይህችን አልጠበቃትም። ሸሁ ያን ቀን «ካለቀ ምን ይደረጋል» ሲሉት ያወቁት መስሎት አያውቅም ነበር።

«አባቴ አውፍ ብሏችኋል፣ እሱስ ያኔውኑ ነው» አለች ሀጀራ። «እኔ ነኝ ያላልሁ። በ99 ሲሞት ጅዳ ነበርሁ። የማዳም ቤት በሩ ይቆለፋል፣ ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው የለ። ካሴቱን ወጥ ቤት ውስጥ ከፈትሁት። ስሙን በገዛ አፉ ሲጠራ ልስማ ብዬ ነው፤ ከኀዘኔ ብዛት እንደተቆረጠ ረስቼው። አህያይቱ ስትጮህ ሳቅሁ፣ እያለቀስሁ ሳቅሁ፣ የአገሬ አህያ ናትና። መጨረሻው ሲደርስ ጆሮዬን ቴፑ ላይ አስጠጋሁ። አንቱ መጣችሁ።» ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። «አህያይቱን ትታችሁ አባቴን ቆረጣችሁ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ጠየቀች። «ዋናው ካሴት የለም?»

«ሰርግ ቀዳሁበት።»

ራሷን ነቀነቀች። ቁጣም አልነበረባትም፤ ያ ከቁጣ ይከብዳል።

«ምን ላድርግ?» አላት። «የምትይኝን አደርጋለሁ።»

አሰበች። «ስንኟን እኔ አውቃታለሁ። ከአባቴ ጋር ያሏት ተቀባዮች ሁሉም ሞተዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁ። ያዟት። ከዚያ ሰው መሃል ቁሙና በአባቴ ዜማ በሏት፣ ስሙን ጥሩት። ያልወለደው፣ ያልተዛመደው፣ እኔ ያልለመንሁት አንድ ሰው ‹አሚን› ይበልለት። ያን ጊዜ አውፍ ብያለሁ። ሩቅ ሆኜ ባልሰማም ብያለሁ።»

«መካ ላይ እላታለሁ፣ በአላህ ቤት።»

«መካማ ከአላህ ጋር ናችሁ፣ ማን ይስቅባችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት፣ የሚያውቋችሁ ሰዎች መሃል።»

ከማሉዲን ስልኩን አወጣና መቅጃውን ከፈተ፣ ድምፅዋን ሊይዝ። እጇን ስልኩ ላይ ጫነች። «አይሆንም። በመቅጃ ነው የጠፋው። በአፍ ይያዝ» አለችው። ከዚያ በቀስታ፣ ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች፣ አለቻት።

ነግሬ ነግሬ ሲደክመው አፌ፣
ዱዓችሁን ነው የምሄድ ታቅፌ፤
አሕመድኑር በሉኝ፣ ስሜን አትርሱ፣
አፈር ስለብስ በአሚን መልሱ።

ቃሉን በአንድ ሰዓት ያዘ። ዜማው ግን ሌላ ነገር ነው። ከማሉዲን የሰው ስህተት ከሩቅ ይሰማል፣ የራሱንም ይሰማል፣ ጉሮሮው ግን አይታዘዝለትም። ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይሰበራል። ሀጀራ ሁለት ጣቷን ታነሳለች። «ይበቃል» ትለዋለች፤ ሳትስቅ። አፉን እንደከፈተ ይቀራል። የመጀመሪያው ቀን ሰባት ጊዜ ቆረጠችው። አፍ ተከፍቶ መቅረት ምን እንደሚመስል በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ገና መማሩ ነው፤ ጉንጭ ያቃጥላል፣ እጅ የሚገባበት ይጠፋዋል።

በሁለተኛው ቀን የባሰ መጣ። ዜማውን እንደምንም ጎትቶ «ስሜን አትርሱ» ሲል ምላሱ ዝም ብላ ተንሸራታ «ከማሉዲን ነው» አለች። እሱ ራሱ ደነገጠ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሰማት የኖረ ምላስ መንገዱን ለምዷል። ሀጀራ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ሂዱና ነገ ኑ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን እስከ መጨረሻው ደረሰ። ዜማው ያው እንደ ተሰነጠቀ ጣሳ ነበር፣ ስሙ ግን በቦታው ወጣ። ሀጀራ ጣቷን አላነሳችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ እያየች፣ «እንግዲህ የተቀረው የእናንተ ነው» አለችው።

የተቀረው ቀላል ይመስላል። ከአስር ሰላት በኋላ ከመስጂድ የሚወጣውን ሰው አስቁሞ ሊላት አሰበ፤ ሰው ተቻኩሎ ነው ብሎ ተወው። እህቱ ቤት የመጡትን እንግዶች ሊጠራ አሰበ፤ ምሳ ላይ ናቸው ብሎ ተወው። ሦስት መቶ ልጅ በአንድ ቀን ያለምንም ሐፍረት ያስዘፈነ ሰው አራት ስንኝ ለመናገር ምክንያት ይደረድራል። አዲስ አበባ ስደርስ ብሎ ወሰነና በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሾፌሩ ለይቶት ከጎኑ አስቀመጠው፣ ከኋላም ሹክሹክታው ተነሳ። አቀስታ ሊደርሱ ሲቃረቡ ሾፌሩ፣ «ጋሽ ከማል፣ ላንተ የሚሆን አለኝ» ብሎ ፍላሽ ሰካ። ከማሉዲን የመጀመሪያዋን ጭብጨባ ሲሰማ አወቀ። አምስተኛው ቤት ላይ አህያይቱ ጮኸች፣ ተሳፋሪው እንደ ልማዱ ሳቀ። ከዚያ መጨረሻው መጣ፣ የሠላሳ ዓመት ወጣት ድምፅ፣ «ከማሉዲን ነው፤ በዱዓችሁ አትርሱት።» ሚኒባሱ ሙሉ «አሚን» አለ። አንዱ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

«ዝጋው» አለ ከማሉዲን።

ሾፌሩ ዘጋው። ከማሉዲን ወደ ኋላ ዞረ፣ ፎጣውን ከአንገቱ ላይ ፈታ። «መጨረሻው ይህ አይደለም» አለ። «የግጥሙ ባለቤት ሌላ ሰው ናቸው። ስማቸውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁን የሳቸውን መጨረሻ ልበል።» ማንም ነገሩ አልገባውም። ጀመረ።

ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ እንደ ፈራው ድምፁ ተሰበረ። ስልኮች ተነሱ። ከኋላ የነበሩት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሾፌሩ በመስታወት እያየው፣ በፍቅር ነው፣ ሁለት ጣቱን አነሳና «ጋሽ ከማል፣ ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አለው። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ከማሉዲን አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጉንጩ ነደደ። ወደ ፊት ዞሮ ፎጣውን መልሶ መጠምጠም ነበር የአመሉ።

ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እጁ ሳይታወቀው ጉልበቱን ይመታል፣ ሀጀራ እንደምትመታው። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየሳሳ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስተኛዋ ስንኝ ላይ ምላሱ ልትንሸራተት ስትል ያዛት፣ ቆመ፣ ሸሁ አህያዋን እንደ ጠበቋት ጠበቀ። «አሕመድኑር በሉኝ» አለ። አራተኛዋን ጨረሰ። ማንም አልመለሰም፤ ቀልድ ይሁን የምር አለዩትም። ከማሉዲን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ዞረ።

ከመጨረሻው ወንበር፣ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ የታቀፉ፣ ማተብ ያሰሩ አንዲት አሮጊት «አሜን» አሉ። ከዚያ፣ «ማን አልኸኝ ስማቸውን፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

«አሕመድኑር» አለ ከማሉዲን። «ሸህ አሕመድኑር፣ የቦረና ሰው።»

«ሸህ አሕመድኑርን ነፍሳቸውን ይማር» አሉ አሮጊቷ፣ ስሙን እንዳይሳሳቱት ቀስ ብለው።

ከማሉዲን ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለው። አቀስታ እስኪደርሱ አላነሳውም።